ንፍፊት፣ ዝሆኔና የቆዳችን ዘበኞች

ልጅ ሆነን የጨርቅ ኳስ ስንራገጥ ከሁሉ አብልጠን የምንፈራው ግብ መቆጠርን ሳይሆን እንቅፋትን ነበር። ድንጋዩ አውራ ጣታችንን ይነድለዋል፤ እያነከስን ቤት እንገባለን፤ እናታችን እየተቆጣች ቁስሉን በጨውና በውሃ ታጥብልናለች። በማግስቱ ግን ሌላ ጉድ ይመጣል። የቆሰለው ጣታችን ሆኖ ሳለ የሚያመን ብሽሽታችን ነው። እጃችንን ስንሰድ የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ ሲነኳት የምታም እብጠት እናገኛለን። «ንፍፊት ነው፤ ቁስሉ ሲድን ይጠፋል» ትላለች እናት። እውነቷን ነው፤ ቁስሉ ሲድን ይጠፋል።

ያኔ ማናችንም ያልጠየቅነው ጥያቄ ግን አለ። ጣትና ብሽሽት የትና የት! የጣትን መቁሰል ለብሽሽት ማን ነገረው?

ይህን ጥያቄ ይዘን ስናነብ በርሊን ደረስን፤ ከበርሊን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም በጊንጪ አድርገን አምቦና ሚዳ ቀኝ ገባን። የመንገዳችን መጨረሻ ላይ ያገኘነው ደግሞ አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ያሸማቀቀ፣ ብዙ ትዳር ያስቀረ አንድ የንባብ ስህተት ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንተርክላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆኑ ከአሁኑ ይቅርታ።

የመቅደላው ዓመት

1868 ለእኛ የመቅደላ ዓመት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ጦር እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ያለፉት በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ነበር። በዚያው ዓመት በርሊን ውስጥ ፓውል ላንገርሃንስ የሚባል፣ ገና ሃያዎቹን የጀመረ የሕክምና ተማሪ ስለ ሰው ቆዳ አንድ ጽሑፍ አሳተመ።

ልጁ ያደረገው እንዲህ ነው። ከሰው ቆዳ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ ወርቅ ባለበት ኬሚካል ነከረው። ይህ ኬሚካል ነርቮችን አጥቁሮ ስለሚያሳይ በጊዜው አዲስና የተወደደ ዘዴ ነበር። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሲያይ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ፣ ቅርንጫፎቻቸውን እንደ ግራር ዘርግተው የተቀመጡ ጥቁር ጥቁር ሕዋሳት አገኘ። ነርቭ የሚያጠቁረው ኬሚካል አጥቁሯቸዋልና ነርቭ ናቸው ብሎ ደመደመ። ማንም ሰው እንደዚያ ባለ ነበር።

ይኸው ልጅ በዓመቱ በ1869 የመመረቂያ ሥራውን ሲጽፍ ቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው የሚታዩ የሕዋሳት ክምችቶችን ገለጸ። ዛሬ ኢንሱሊን የሚመነጭባቸው መሆናቸውን የምናውቃቸውና የላንገርሃንስ ደሴቶች የሚባሉት እነዚያ ናቸው። የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ሳያውቀው ከዚህ ሰው ጋር ዝምድና አለው ማለት ነው። ላንገርሃንስ ራሱ ግን ዕድል አልቀናውም። ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ትምህርት ማስተማሩን ተወ፤ ማዴይራ ወደምትባለው የፖርቱጋል ደሴት ሄዶ ሕመምተኞች እያከመና የባሕር ትሎች እያጠና ኖረ። በ1888፣ 41 ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን ሲቀረው አረፈ። በስሙ የሚጠሩት የቆዳ ሕዋሳት ምን እንደሚሠሩ ሳይረዳ ሞተ።

ከእሱ በኋላ የመጡትም ቶሎ አልገባቸውም። ሕዋሳቱ ነርቭ አለመሆናቸው ሲታወቅ ደግሞ «ቀለማቸውን ጨርሰው ወደ ላይ የሚገፉ፣ ያረጁ የቆዳ ቀለም ሰጪዎች ናቸው» ተባሉ። ጡረተኛ ተደረጉ እንበል። በ1961 ቢርቤክ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩአቸው በውስጣቸው የቴኒስ መምቻ የሚመስሉ ደቃቅ ነገሮች አገኙ። ሌላ የቆዳ ሕዋስ ይህ የለውም። በ1973 ኒው ዮርክ ውስጥ ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን በአይጥ ጣፊያ ውስጥ ቅርንጫፋም ሕዋሳት አግኝተው የዛፍ ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል «ዴንድሪቲክ» ብለው ሰየሟቸው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የላንገርሃንስ ሕዋሳትም የበሽታ መከላከያው ወገን መሆናቸው ተረጋገጠ። ነርቭም አይደሉም፤ ጡረተኛም አይደሉም። ዘበኞች ናቸው። ይህን ለማወቅ አንድ መቶ ዓመት ፈጀ።

ስታይንማን ለዚህ ሥራው በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሽልማቱ ይፋ ሲሆን ግን ሰውዬው ከሦስት ቀን በፊት ሞቶ ነበር። የገደለው የቆሽት ካንሰር ነው።

ዘበኛው ምን ይሠራል?

ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ የላንገርሃንስ ሕዋሳት ከመቶ ከሁለት እስከ አራት ቢሆኑ ነው። ጥቂት ናቸው፤ ግን ቅርንጫፎቻቸውን ስለሚዘረጉ እንደ መረብ ሆነው ቆዳውን ይሸፍኑታል። አንድ ጀርም ወይም ባዕድ ነገር በቁስል በኩል ሲገባ ዘበኛው ይይዘዋል፤ ይውጠዋል፤ ይቆራርጠዋል። ከዚያ እንደ ግቢ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ አይጮህም። ቦታውን ለቆ፣ ሊምፍ በሚባለው ፈሳሽ ቧንቧ አድርጎ፣ ወደ ብሽሽት ይጓዛል። እዚያ ያሉት የሊምፍ እጢዎች የመከላከያው ጦር ሰፈር ናቸው። ዘበኛው የቆራረጠውን ባዕድ ነገር በአንድ ሳህን ላይ አድርጎ ቲ ሴል ለሚባሉት ወታደሮች ያሳያል። «ይኼ ሰውዬ ገብቷል፤ እወቁት» እንደማለት። ወታደሮቹ ከመካከላቸው የሚያውቀውን ይመርጣሉ፤ እሱ ይባዛል፤ ጦር ሰፈሩ ያብጣል።

ንፍፊት ይህ ነው። ለብሽሽታችን ወሬውን ከሚያደርሱት መካከል የላንገርሃንስ ሕዋሳትና ከሥራቸው ባለው የቆዳ ክፍል የሚኖሩ ዘመዶቻቸው አሉበት። እናቶቻችን «ቁስሉ ሲድን ይጠፋል» ሲሉ ሳያውቁት ትልቅ ሳይንስ ተናግረዋል።

ያን ሳህን ባለሙያዎች ኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት ይሉታል። ቅርጹ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው። የአንዱ ሰው ሳህን አንድን ነገር ጥሩ አድርጎ ሲይዝ የሌላው አይዘውም። ይህን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ቀዩ አፈር

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፈን አምቦ እንግባ። አምቦ ስንል ሁላችንም የሚታየን ጠርሙስ ነው፤ የከተማዋን ፍል ውሃ የሚያስታውሱ ትልልቆችም አሉ፤ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል እንደነበር የሚነግሩንም እነሱው ናቸው። ጉደር ስንል ደግሞ የሚታየን ሌላ ጠርሙስ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። የዛሬው ጉዳያችን ከእግራችን ሥር ያለው ነው።

ይህ አገር እሳተ ገሞራ የሠራው አገር ነው። የደንዲና የወንጪ ሐይቆች የተኙት በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ላይ ነው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት ዝናብ ሲወርድበት ደቃቅ፣ ቀይ፣ የሚያጣብቅ ሸክላ አፈር ይወጣል። ለእርሻ ጥሩ ነው። ሲዘንብ ጫማ ላይ ተለጥፎ አልለቅ የሚለውም እሱ ነው። ጫማ ከሌለስ? እግር ላይ ይለጠፋል።

በምዕራብ ሸዋ ገበያዎች እግራቸው ከጉልበት በታች ያበጠ፣ ቆዳቸው የሻከረና ጣቶቻቸው በእብጠቱ የተዋጡ ሰዎች ድሮም ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በአማርኛ ዝሆኔ እንለዋለን። የዓለም የሕክምና መጻሕፍት ስለ ዝሆኔ ሲጽፉ ለረዥም ጊዜ የሚያውቁት አንድ ምክንያት ነበር፤ ትንኝ የምታስተላልፈው ትል። ይህ ዓይነቱ እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ አገር በእርግጥ አለ። ግን አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ደጋው ላይ ያን ትል ፈልገው ያጡት ሐኪሞች ግራ ገባቸው።

በ1970ዎቹ ይህን እንቆቅልሽ የያዘው ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ አካባቢ፣ በ1965 በተቋቋመው አለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም ነበር። እግር ማየት ሥራው ነው። በሽታው ያለበትንና የሌለበትን አካባቢ ከአፈርና ከድንጋይ ካርታ ጋር ሲያስተያይ ሁለቱ ገጠሙለት። ከፍታው ከ1,500 ሜትር በላይ፣ ዓመታዊ ዝናቡ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ፣ አፈሩ ቀይና ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ሰዉም በባዶ እግሩ የሚሄድ ከሆነ በሽታው አለ።

ቀጥሎ በባዶ እግር ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት የሊምፍ እጢ ተወስዶ ተመረመረ። ልጅ ሆነን የዳሰስናት ያች ሽምብራ ማለት ነው። በ1978 በታተመው ጥናት መሠረት በውስጧ የተገኘው ሲሊከንና አሉሚኒየም ነበር፤ የቀዩ አፈር ንጥረ ነገሮች። አፈሩ በቆዳው በኩል ገብቶ፣ ሊምፉን ተከትሎ፣ ብሽሽት ድረስ ወጥቷል። ጀርም ቢሆን መከላከያው ገድሎ ያርፍ ነበር። የአፈር ቅንጣት ግን አይሞትም፤ አይፈጭም። ጦርነቱ ማብቂያ ያጣል፤ በጦርነቱ ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፤ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፤ እግሩ ያብጣል። ፕራይስ ለበሽታው እግርና አቧራ ከሚሉት የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጣለት።

ሚዳ ቀኝ

ከአምቦ በስተሰሜን ያለችውን ሚዳ ቀኝ ወረዳ ከዚህ ታሪክ ጋር ያስተዋወቁን ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ናቸው። በ2012 ባሳተሙት ጥናት ነዋሪዎችን እያዩ መረመሩ። የዝሆኔው ትል በደም ውስጥ የሚወጣው በሌሊት ስለሆነ ትሉን ለመፈለግ ደም በእኩለ ሌሊት ተወሰደ። ትል የለም። ዝሆኔው ግን አለ፤ ከመቶ ሰው ከሰባት በላይ። ሠርግ ላይ የምትቀመጡበትን ዳስ አስቡና በየመቶው ሰባት ሰው ቁጠሩ፤ ያኔ ነገሩ ይገባችኋል።

ነገሩ የሚዳ ቀኝ ብቻም አይደለም። በ2013 በተደረገው አገር አቀፍ ቅኝት 1,315 ቦታዎች ላይ ወደ 130 ሺህ የሚጠጋ ሰው ታይቶ ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ ከመቶ አራቱ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ተመራማሪዎቹ በዚያ ተነስተው በመላ አገሪቱ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ጎልማሶች ሕመምተኛ እንደሆኑ ገምተዋል።

ለምን እሱ? ለምን ወንድሙ?

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። በባዶ እግር የሚሄደው ሁሉ ሰው ነው፤ በእጢው ውስጥ አፈር የሚገኘውም ባልታመመው ሰው ጭምር ነው። ታዲያ አንዱ አብጦ ሌላው ለምን ይድናል?

አያቶቻችን ለዚህ መልስ ነበራቸው፤ «ዘር ነው»። እንዲህ ያለ መልስ ሲሰማ የከተማ ልጅ ቶሎ ይስቃል። እኛም ስቀን ነበር። ግን ወላይታ ውስጥ 59 ቤተሰቦችን ያጠኑ ተመራማሪዎች የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ እንደሚሆን በ2007 ጻፉ። በ2012 ደግሞ በኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ አየለ መሪነት የተጻፈ ጥናት ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን በተባለው ዝነኛ መጽሔት ላይ ወጣ። ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕመምተኞችና 203 ጤነኞች ተወስደው መላ የዘር መዝገባቸው ተነጻጸረ። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት።

ሳህኑ! ያቆያችሁልን ሳህን።

ጥፋቱን ሁሉ በላንገርሃንስ ሕዋሳት ላይ አንጭንም። ይህን ሳህን የሚይዙ ሌሎች ሕዋሳትም አሉ፤ የአፈሩ ቅንጣትም በብዛት ታጭቆ የታየው ከሥር ባሉት ትልልቅ በላተኛ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ የጥናቱ ትርጉም ግልጽ ነው። የሕመምተኛው ሰውነት ደካማ አይደለም፤ እርግማንም የለበትም። በሽታ ተከላካዩ ለአፈር አብዝቶ የሚቆጣ ሆኖ ተፈጠረ እንጂ። ዘበኛው ሥራውን ሠራ፤ ያሳየው ግን ሊሸነፍ የማይችል ጠላት ሆነ።

ሽማግሌዎቹ ያልተመለሱበት ቤት

ከመካከላችን አንዱ የጊንጪ አካባቢ ልጅ ነው። የአክስቱ ልጅ ለትዳር ታስባ ሽማግሌ ተላከ፤ ቡና ተፈላ፤ ቀጠሮ ተሰጠ። በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ አልመጡም። በኋላ በጎረቤት በኩል እንደተሰማው «አጎቷ እግሩ አብጧል፤ ዘራቸው ነው» ተብሎ ነበር። ልጅቷ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጫማ ያደረገች፣ እግሯ እንደ ማንኛችንም ጤነኛ የሆነ ልጅ ነች። አጎትየውም ከዚያ ቀን ወዲህ ሠርግና ለቅሶ መሄድ ተዉ። ቤተሰቡ ስለዚህ ነገር አያወራም፤ ወዳጃችንም የነገረን ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ነው።

እንግዲህ አያቶቻችን የተሳሳቱት የት ላይ ነው? በሽታው በቤተሰብ እንደሚታይ በትክክል አይተዋል። ላንገርሃንስም ሕዋሳቱን በትክክል አይቷል። ሁለቱም የተሳሳቱት ያዩትን ሲተረጉሙ ነው። ዘር ብቻውን እግር አያሳብጥም። ሳህኑን የወረሰ ሰው አፈሩ ካልነካው ዕድሜውን ሙሉ በጤና ይኖራል፤ ለልጁም የሚያወርሰው የታመመ እግር አይደለም። ጫማ ያደረገች ሙሽራ አጎቷ ቢያብጥ ባያብጥ ምን አገባት? ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ አብሮ መብላት፣ አብሮ መቀመጥ፣ መጨባበጥ ምንም አያመጣም።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የሌሎች አገሮች ታሪክ ነው። ይህ በሽታ ዱሮ በሰሜን አፍሪካና በአውሮፓ፣ አየርላንድና ስኮትላንድ ውስጥ ጭምር ነበር። ዘራቸውን አልቀየሩም፤ መድኃኒትም አልተገኘላቸውም። ጫማ ማድረግ ለመዱ፤ በሽታው ጠፋ።

ጫማውስ?

«ታዲያ ለምን ጫማ አያደርጉም?» የሚል የከተማ ጥያቄ እንዳይመጣብን። የእኛን ቤት አልበም ገልጠን ስናይ አያቶቻችን ቆመው የተነሱት ፎቶ ላይ ጫማ የለም። ባዶ እግር የድሃ ብቻ ሳይሆን የአገር ልማድ ነበር። ዛሬም ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ኮንጎ ጫማው ጭቃው ውስጥ ሲቀርበት እጁ ላይ ይዞት ይሄዳል። ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን የሚቆጥበውም አለ። በመዳፍና በውስጥ እግር ቆዳ ላይ የላንገርሃንስ ዘበኞች ከሌላው ቦታ ያንሳሉ፤ ተረከዙ ሲሰነጠቅ ደግሞ አፈሩ በተከፈተ በር ይገባል። ጫማ ብቻ ሳይሆን እግር መታጠቢያ ውሃም ያስፈልጋል፤ ውሃው ደግሞ ከወንዝ በጀርባ የሚመጣ ነው።

ለታመመውም ተስፋ አለ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በየቀኑ እግርን በሳሙናና በጀርም መግደያ መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ካልሲና ጫማ ማድረግ እግሩ የሚግልበትንና ሰውዬውን አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም ይቀንሳል። ሳሙናና ቅባት ነው፤ ከሰማይ የሚወርድ ነገር የለበትም። ያለዚህ እንክብካቤ ግን ኪሳራው ከባድ ነው። በ2006 በወጣ ጥናት ወላይታ ውስጥ ሕመምተኛው ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን ያጣ ነበር፤ የዞኑ ጠቅላላ ኪሳራም በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል።

ሳይንቲስቶቹ የላንገርሃንስን ስህተት ለማረም መቶ ዓመት ፈጀባቸው፤ ግን አረሙት። የእኛ ስህተት በየቡናው ላይ ይኖራል፤ «ዘራቸውን አጣሩ» ስንል። ለበዓል ወደ ጊንጪ፣ ወደ አምቦ፣ ወደ ጌዶ የምትወርዱ ልጆች፣ ከስኳሩና ከዘይቱ ጋር ለታናናሾቻችሁ ጫማ ያዙ፤ በልካቸው ይሁን። ሽማግሌ ሊላክ ሲመከርም አጠገብ ከሆናችሁ ዝም አትበሉ። ወዳጃችን በሚቀጥለው ወር ጊንጪ ሲወርድ አጎቱ ጋ ሳሙና፣ ቫዝሊንና ሰፋ ያለ ጫማ ይዞ ሊሄድ አስቧል። ተራራቁ እንጂ አልተጣሉም፤ ቡናውንም አብረው ይጠጣሉ።

ቸር እንሰንብት።